ኮርኒሱ ላይ ያለችው ግመል

(ባለፈው ሰሞን ደሴ ውስጥ በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ "ስለ ቤት ማስዋብ ትንሽ አውራን" ተብዬ የተናገርኩት ነው። ያልመጡ ሰዎች ጻፍልን ስላሉኝ ጻፍኩት። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬያለሁ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ያን ቀን የረሳሁትን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። አሰላሙ አለይኩም።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ዲዛይነር ምናምን አይደለሁም፣ እሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሩሎና መሰላል ተሸክሜ ከሙጋድ ቧንቧ ውሃ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰኞ ገበያ ስል ነው የኖርኩት። ሥራ ሲገኝ ኮምቦልቻም እወርዳለሁ። ቀለም ቀቢ ደግሞ የሰው ቤት ጉድ ያያል። ሶፋው ሲነሳ ከስሩ ምን እንዳለ፣ ቡፌው ሲገፋ ግድግዳው ምን እንደሚመስል ከባለቤቱ በላይ የምናውቀው እኛ ነን።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሶፋ ሳነሳ ከኋላው ግድግዳው ላይ ምን የማገኝ ይመስላችኋል?

(አንዲት እናት "አቧራ!" አሉ።)

አቧራስ አለ፣ አይካድም። ከአቧራው ጋር ግን ስዕል አለ። ብዙ ቤት አለ። በእስክሪብቶ የተሳለ ሚኒባስ፣ በከሰል የተሳለ ሰው ጣቶቹ እንደ መጥረጊያ የተበተኑ፣ አንዴ ደግሞ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ከነተመልካቹ። ልጆቹ ቤቱን አስውበውታል እኮ። ግን በድብቅ፣ እናት በማታይበት በኩል። እኔም ሁለት እጅ ቀለም ቀብቼ አጥፍቼው፣ ሒሳቤን ተቀብዬ እወጣለሁ። የእግር ኳስ ሜዳውን ሳጠፋ ግን እጄ ትንሽ ከብዶኛል፣ እውነቱን ለመናገር።

ሳሎናችንን የምናስውበው ለእንግዳ ነው። ቡፌው ውስጥ ስድስት ብርጭቆ አለ፣ ከሰርግ ማግስት ጀምሮ የሰው ከንፈር ነክቶት አያውቅም። ሶፋው ልብስ ለብሷል፣ በልብሱ ላይ ዳንቴል፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ ከዚያ ሁሉ ስር የፋብሪካው ላስቲክ ራሱ ገና አልተላጠም። የፕላስቲክ አበባው በዓል በመጣ ቁጥር በኦሞ ይታጠባል። "እዚያ ጋ አትሂድ!" "እጅህን ሰብስብ!" "ይሰበራል አልኩህ!" ልጁ በገዛ ቤቱ የሙዚየም ጎብኚ ሆነ ማለት ነው። እንግዳ ክቡር ነው፣ እሱን የወሎ ሰው ለወሎ ሰው አያስተምርም። ግን እንግዳ ቢመጣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። የቀረውን ሰዓት እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ማነው?

የዛሬ ወሬዬ ይኸው ነው። ከሶፋው ኋላ ያለውን ነገር ትንሽ ወደ ፊት እናምጣው።

"ቤት በጨዋታ አይሠራም" የሚለኝ ሰው አለ። የምንኖርባት ከተማ ግን ስሟን ያገኘችው በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አጼ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚህ ሰፍረው ሳለ ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አዩ፣ መልካም ምልክት ነው ሲሏቸው ቦታውን "ደሴ" አሉት ይባላል፣ ደስታዬ እንደማለት። የዚያ ዓመት ጅራታም ኮከብ ከፀሐይ አጠገብ በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ ነው፣ ቢገረሙ አይፈረድባቸውም። ንጉሥ ሚካኤልም የግብር አዳራሻቸውን "ትልቁ አዳራሽ" ብለው አልተዉትም። "አይጠየፍ" አሉት። ደሃ ነህ፣ ሀብታም ነህ ሳይባል ሰው ሁሉ ገብቶ የሚበላበት ነዋ። ቤት ስም ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

እኔም ቤት ክፍሎቹ ስም አላቸው። ዕቃ ያጨቅንባት ጠባብ ክፍል "ሐረጎ" ትባላለች፣ ምክንያቱም ውስጧ የተቀመጠ ነገር ለማምጣት እንደ ሐረጎ መንገድ ሰባት ጊዜ መጠምዘዝ ያስፈልጋል። መታጠቢያ ቤቱ በወንዛችን ስም "ቦርከና" ነው። ከጣውላ ቁራጭ ላይ ጽፌ በየበሩ መታሁት። አሁን ልጄ ጠዋት ጠዋት "አባ፣ ቦርከና ተይዟል!" ብላ ስትጮህ ጎረቤት ይሰማል። ወጪው? ሁለት ሚስማር።

ትልቅ ነገር አትጀምሩ። ስህተቱ እዚያ ነው። ሰው ስልኩ ላይ የውጭ አገር ቤት ያይና የመርከብ ቅርጽ ያለው አልጋ፣ ከፎቅ ወደ ሳሎን የሚያንሸራትት ምናምን ያምረዋል። ከዚያ ዋጋውን ይሰማና ሁሉንም ይተወዋል። እኔ በአውራ ጣት የምትለካ ነገር ነው የጀመርኩት።

ሳሎናችን ውስጥ፣ በሩ ሲከፈት የሚሸፍነው ጥግ፣ ከግድግዳው ግርጌ ዞኮሎው ላይ አንዲት ትንሽ በር ሳልኩ። ቡናማ ናት። ቢጫ እጀታ አላት። ከጎኗ የክብሪት እንጨት የምታህል መጥረጊያ ተደግፋለች። ከደጇ ላይ አንድ ጥንድ ጫማ ወልቋል። የአይጥ ቤት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ በሦስተኛው ቀን አገኘችው፣ ባለቤቴ ደግሞ ሁለት ሳምንት ፈጀባት፣ ያውም በየቀኑ የምትወለውለው እሷ ሆና።

እናቴ ለፋሲካ ከወረኢሉ መጣች። ቡና ስትጠጣ በርጩማ ላይ ነው የምትቀመጠው። አቦሉ አለፈ፣ ምንም የለም። ቶናው ላይ ዓይኗ ጥጉ ጋ ቀረ። "እናንተ፣ አይጥ ቤት ገብቷል!" ብላ ጫማዋን አነሳች። ተነስታ ቀረበች፣ ጎንበስ አለች። ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። "ጫማዋን አውልቃ ነው የገባችው" አለች በመጨረሻ። "ጨዋ ናት።" ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴ በመጣች ቁጥር ከቡና ቁርሱ ሦስት አራት ፍሬ ቆሎ በሩ ላይ ታስቀምጣለች። እኔ ደግሞ ማታ ሰው ሲተኛ እየተነሳሁ እለቅማለሁ፣ እውነተኛዋ እንዳትመጣ።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር አለ። እኛ ጌጥ የምንሰቅለው የቆመ ወንድ ዓይን በሚደርስበት ከፍታ ነው። ቤታችን ውስጥ ግን ማን ይቆማል? ቡና ሲፈላ ሁሉም ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ቆሞም አንድ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ እኔ ደንበኛ ቤት ስገባ መጀመሪያ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። ሰዎቹ ደከመው ይላሉ።

ነፍስ ያለው ነገር ቤታቸው እንዲሳል የማይፈልጉ ብዙ ደንበኞች አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ቤታቸው ነው። እነሱ ጋ የጦሳን ተራራ እስላለሁ፣ ጅራታሙን ኮከብ እስላለሁ፣ ጀበና ከነጭሱ እስላለሁ። እንዲያውም የአይጧን ነገር ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ልብ ብላችሁ ከሆነ አይጧ አልተሳለችም። በርና ጫማ ብቻ ነው ያለው። አይጧን ብስላት ኖሮ ልጄ በሁለተኛው ቀን ትሰለቻት ነበር። አሁን ግን "ዛሬ የት ሄዳ ነው?" እያለች በየቀኑ አዲስ ወሬ ታመጣለች።

ሁለተኛዋ የቤቴ ነገር የሰፌድ ሰዓት ናት። ሰፌድ ግድግዳ ላይ መስቀል አዲስ አይደለም፣ እናቶቻችን ሲሰቅሉት ኖረዋል። እኔ የተበላሸ መስታወት ያለውን ርካሽ የግድግዳ ሰዓት ፈትቼ ሞተሩን አወጣሁና ሰፌዱ ላይ ገጠምኩት። የሰፌዱ እምብርት ጥብቅ ነው፣ በወስፌ ቀስ አድርጋችሁ ብሱት እንጂ በመሰርሰሪያ አትሞክሩት፣ ስፌቱ ይተረተራል። ሰፌዱ ስስ ይሁን፣ ወፍራም ከሆነ የሰዓቱ ዘንግ አልፎ አይወጣም። ቁጥር አልጻፍኩበትም። 12 ላይ አውራ ዶሮ፣ 2 ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ 6 ላይ እንጀራ፣ 10 ላይ ጀበና። በእርግጥ ሰዓት በቀን ሁለቴ ነው የሚዞረው፣ የማታ 2 ሰዓት መኝታ ነው፣ ስለዚህ ከቦርሳው ስር ትራስ አለ። ልጄ ቁጥር ሳታውቅ ሰዓት አወቀች። "አባ መቼ ይመጣል?" ስትል "ጀበናው ጋ ሲደርስ" ይሏታል። ጀበናው ጋ ደርሶ ካልመጣሁ ደግሞ ክስ አለ።

አሁን ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ላንሳ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ብዙዎቻችን ወጣን፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ተመለስን። ምን ሆኖ እንዳገኘነው እዚህ ለተቀመጠ ሰው አልናገርም። ከተመለስኩ በኋላ መጀመሪያ ከሠራኋቸው ቤቶች አንዱ የአንድ ጎረቤቴ ነበር፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሳሎኑ ባዶ ነው። ስንናገር ድምፃችን ያስተጋባል። ቴሌቪዥኑ ተሰቅሎበት የነበረው ግድግዳ ላይ አራት የብሎን ቀዳዳና ከሌላው ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀርቷል። ቀዳዳውን ልደፍን ስቱኮ ሳቦካ "ተወው" አሉኝ። "ቴሌቪዥን ሳልልኝ።"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ወይ ደግሞ ቀልደዋል፣ ግን ቀልዱ አስፈልጓቸዋል።

ሳልኩላቸው። ዙሪያውን ጥቁር ፍሬም፣ ስሩ ላይ ቁልፎች፣ መሐሉን የጥቁር ሰሌዳ ቀለም። ሦስቱ ልጆቻቸው ጠመኔ አገኙ። ማታ ማታ ፍራሽ ላይ ተደርድረን ዜና እናይ ነበር። ትልቋ ዜና ታነባለች። መካከለኛው የአየር ሁኔታ ነው፣ "ነገ ደሴ ጉም፣ ከነገ ወዲያም ጉም" ይላል፣ ተሳስቶም አያውቅም። ትንሹ ማስታወቂያ ነው፣ ዜናው መሐል እየገባ ያቋርጣል፣ ልክ እንደ እውነተኛው። ጋሼ ኋላ ላይ ቴሌቪዥን ገዙ። እንድሰቅልላቸው ጠርተውኝ ስሄድ ሌላኛውን ግድግዳ አሳዩኝ።

የሰሌዳ ቀለም ካጣችሁ ራሳችሁ አዘጋጁት። ሦስት እጅ የማያብለጨልጭ ፕላስቲክ ቀለም፣ አንድ እጅ የተነፋ ጄሶ፣ አንድ እጅ ውሃ። ጄሶውን አስቀድማችሁ በውሃው በጥብጡት፣ ከዚያ ቀለሙ ውስጥ ጨምሩት፣ ቶሎ ስለሚደርቅ በትንሽ በትንሹ ሥሩ። ከደረቀ በኋላ በስስ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። እና ይሄን አትርሱ፣ ልጁ ከመጻፉ በፊት ጠመኔውን በጎኑ አጋድማችሁ ሰሌዳውን በሙሉ ቀቡትና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ጽሑፍ ጥላው አይለቅም። በልጅነታችን የሞተ ባትሪ ሰብረን ጥቁሩን ዱቄት በቅጠል እያሸን ሰሌዳ እናጠቁር የነበርን ሰዎች እዚህ አለን አይደል? እሱን ለልጆቻችሁ አታስተምሩ። ጤና የለውም።

ከጤናው ሳልወጣ፣ ደማቅ ቢጫና ደማቅ ቀይ የዘይት ቀለም ላይ ጠንቀቅ በሉ። ያ ድምቀት ድሮ የሚመጣው ከእርሳስ ነበር፣ የምንጽፍበትን ሳይሆን ብረቱን ማለቴ ነው። የልጅን አእምሮ የሚጎዳ ነገር ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በአንድ ኪሎ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊግራም በላይ እርሳስ እንዳይኖር ተደንግጓል። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቡ፣ ሻጩንም አስጨንቁት። የድሮ በርና መስኮት ግን ከደንቡ በፊት የተቀባ ነው። እሱን በደረቁ አትፈግፍጉ። አቧራው ነው ክፉው። በውሃ እያረጠባችሁ፣ ልጆችን አክስታቸው ቤት ልካችሁ ነው የሚሠራው።

ቀለም ምረጥልን ለምትሉኝ፣ ደሴና ኮምቦልቻ አንድ አይደሉም። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ጦሳ ጀርባ ገብታ ታመልጠናለች፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጉሙ በመስኮት ይገባል። ግራጫ ፋሽን ነው ብሎ ደሴ ላይ ሳሎኑን ግራጫ የሚያስቀባ ሰው አይገባኝም፣ ጉሙ በነጻ ይሰጥሃል እኮ! የእንቁላል አስኳል የመሰለ ሞቅ ያለ ቀለም አድርጉበት። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ኑሯችሁ በረንዳ ላይ ነው፣ ጨዋታውንም እዚያው አውጡት። የበረንዳው ወለል ላይ ሰኞ ማክሰኞ በቀለም አሥምሩበት፣ ልጆቹ በየቀኑ በጠመኔ ከሚደክሙ። እኔ አንድ ቤት ሠርቼ ስጨርስ መጀመሪያ የዘለሉበት እመቤቲቱ ናቸው።

ሁሉም ነገር ይሳካልኛል ብዬ እንዳትወስዱት። ዥዋዥዌ ሰቅዬ አውቃለሁ። ሳሎን ውስጥ። ኮርኒሱ ላይ ጠንካራ የሚመስል ቦታ መርጬ መንጠቆ አሰርኩ፣ በእጄ ጎተትኩት፣ ያዘ። ልጄ ከመውጣቷ በፊት እኔ ልሞክረው ብዬ ቁጭ ስል ኮርኒሱ ከነአቧራው፣ ከነወፍ ጎጆው አብሮኝ ወረደ። አላህ አወጣህ አሉ ጎረቤቶቼ። ኮርኒስ ማለት ስስ ጣውላ ላይ የተመታ ቺፑድ ነው፣ ራሱን እንጂ ሰው አይሸከምም። ዥዋዥዌ ካማራችሁ ከላይ ያለው ዋናው ተሸካሚ እንጨት ላይ ይታሰር፣ እሱም ምስጥ እንዳልበላው በመዶሻ መታ መታ አድርጋችሁ ድምፁን ስሙ። ካልሆነ በር መቃን ላይ የብረት ቱቦ አስበይዱ። የብረት በያጅ ደሴ ሞልቷል።

ተከራይ ለሆናችሁ፣ አብሽሩ። አከራይ ሚስማር እንኳ አያስመታም፣ አውቃለሁ። የማዳበሪያ ከረጢት አጥባችሁ፣ ተርትራችሁ ዘርጉት፣ በጄሶና በፕላስቲክ ቀለም አንድ እጅ ቀቡት፣ ከዚያ ልጆቹ የፈለጉትን ይሳሉበት። ላይና ታቹ ላይ እንጨት አድርጋችሁ በገመድ ስቀሉት። ቤት ስትለቁ ጠቅልላችሁ ትሄዳላችሁ። አንድ ሰው አውቃለሁ፣ አራት ቤት ተከራይቷል፣ አራቱም ቤት ውስጥ ያለው ያው አንድ ባህር ነው።

አሁን ወደ ግመሏ።

የልጄ መኝታ ኮርኒስ ላይ የእርጥበት እድፍ አለ። ወይም ነበር። ጣሪያው ላይ የአንዱ ቆርቆሮ ሚስማር ላስቲክ ደርቆ ተሰንጥቆ በየክረምቱ ጠብ ጠብ ይላል። ቀለም ቀቢ ነኝና አፍሬ ቀባሁት። ተመልሶ መጣ። ደግሜ ቀባሁት። መጣ። ለደንበኛ ቢሆን ምን እንደምል አውቀዋለሁ፣ እድፉ በውሃ የሚሟሟ ነገር ስለሆነ ውሃ ነክ ቀለም ስትደርብበት ሟሙቶ ይወጣል፣ መጀመሪያ በዘይት ቀለም ማፈን ነው፣ ከዚያም በፊት ቀዳዳውን መድፈን። ለራሴ ግን ስንፍና ነው መሰል ሦስተኛ ጊዜ ሩሎ ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። ልጄ አልጋዋ ላይ ተንጋላ ታየኛለች።

"አባ፣ ግመሏን ለምን ትገድላታለህ?"

የቷን ግመል? ወርጄ ከጎኗ ተጋደምኩ። እውነትም ግመል ናት። ሻኛው አለ፣ አንገቱ አለ፣ ራሷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። በመሰላል ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፣ ከዚያ በኩል ግን እድፍ ናት። በማግስቱ ጣሪያ ወጥቼ ሚስማሩን ቀየርኩ። ኮርኒሱን አልነካሁም። በቀጭን ብሩሽ ዓይን ጨመርኩላት፣ እግር ጨመርኩላት፣ ልጄ ደግሞ "ባዶዋን አትሄድም" ስላለች ሁለት ጆንያ ጫንኩባት። መስኮቱ በምሥራቅ ነው፣ ስለዚህ ወደ ባቲ ነው የምትሄደው። ሰኞ ለገበያው ለመድረስ።

(ፎቶዋን በስልኬ እያዞርኩ ሳሳይ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። "ከኋላዋ ያለችው ትንሿ ምንድናት?" አሉኝ።)

አዩዋት አይደል? እሷ የዘንድሮ ነሐሴ ናት። ሌላ ሚስማር ነው። ልጄ ጠዋት ስትነቃ አይታ ቤቱን በጩኸት ሞላችው፣ ወለደች ብላ። እናቷን ጠራች፣ ጎረቤት ጠራች፣ ለአያቷ ወረኢሉ ተደወለ። ጣሪያው እንዳይነካ አዘዘችኝ፣ ግልገሏ ገና ጆሮ አላወጣችም አለች። ሳምንት ታገስኳት፣ ጆንያ አንጥፌ፣ ባልዲ ደቅኜ። ከዚያ እሷ ቤት በሌለችበት ወጥቼ ደፈንኩት። ስትመለስ ቀና ብላ አየችና "ጆሮዋ አንድ ነው" አለችኝ። ሁለተኛውን ማታ በብሩሽ ሠራንላት።